ከክምር የተቆጠረች ጎጆ

ቃለ አብ ተወልዶ ያደገው አንኮበር ውስጥ፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ወረድ ብላ ባለች መንደር፣ ሳር ቤት ውስጥ ነው። ይህ አስቀድሞ መነገር ያለበት ወደፊት የሚያደርገውን የሰማ ሁሉ «ምን ያድርግ፣ የከተማ ልጅ ነው» ብሎ እንዳያልፈው ነው። የከተማ ልጅ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከራሱ በላይ ያለው ሳር ዝናብ ሲጠጣ እያዳመጠ ነው ያደገው።

አባቱ መሪጌታ ብርሃነ መስቀል ልጃቸው ዜማ ተምሮ እንዲተካቸው ይመኙ ነበር፤ ድምፁን ከሰሙ በኋላ ግን ነገሩን ራሳቸው ተዉት። ስለዚህ ተማሪ ቤት ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ ጂኦግራፊ አጠና። በመጨረሻም ጂአይኤስ የሚሉትን፣ መሬትን ከነቤቱ ከነአጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ የማስገባት ሞያ ይዞ ወጣ። መሪጌታ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ «ካርታ» ይላሉ። «የምን ካርታ?» ሲባሉ «የደብረ ብርሃን» ይላሉ። «ደብረ ብርሃን የት እንዳለች ጠፋቻቸው እንዴ?» የሚል ሰው ሲገጥማቸው ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞሩታል።

መሥሪያ ቤቱ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ከተማዋ በዳር በዳሯ ስትሰፋ የሚገባውን መሬት የሚመዘግብ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። ክፍሉ ፀሐይ አያገኝም። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ የተቀመጠበት ያውቀዋል፤ ቃለ አብ ከወገቡ በታች የሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚሠራው። አጠገቡ የሚቀመጠው ቀያሹ አብዱልሀፊዝ የቆላው የአልዩ አምባ ልጅ ስለሆነ አንድ ብርድ ልብስ አልበቃውም፤ ሁለት ደርቦ ይቀመጣል፤ ባለጉዳይ ቢገባም አያወልቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። አውሮፕላን ከላይ ያነሣው ፎቶግራፍ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል፤ ቃለ አብ እያንዳንዱን ቤት ዙሪያውን በመስመር ይከባል፤ መስመሩ ዞሮ ሲገጥም ቤቱ ቁጥር ያገኛል። ቁጥር ያገኘ ቤት አለ። ውሃ ሲዘረጋ፣ መንገድ ሲወጣ፣ ሰው ከቦታው ሲነሣ የሚጠየቀው ካርታው ነውና፣ ቁጥር ያላገኘ ቤት ጭስ ቢወጣው፣ ውሻ ቢጮህበትም የለም። ቃለ አብ ይህን ያህል ሥልጣን በእጁ እንዳለ አስቦት አያውቅም፤ ደመወዙም አላስታወሰውም።

የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው አስታ ሜዳ ላይ ነው። አስታ ሜዳ ከከተማዋ ጫፍ ያለች ገብስ አብቃይ መንደር ናት። ፎቶግራፉ የተነሣው በጥር፣ አዝመራው ተወቅቶ ጭዱ በየደጁ በተከመረበት ጊዜ ነበር። ከሰማይ ሲታይ የሳር ጎጆ ክብ ነው፤ የጭድ ክምርም ክብ ነው። ቃለ አብ ክብ የሆነውን ሁሉ ከበበ። አስታ ሜዳ ቁጭ ብላ ትልቅ ሰፈር ሆነች። የውሃ ፕላን የሚያወጡትም ካርታውን አምነው ቦኖ መደቡላት፤ ከቦኖዎቹ አንዱ ሰው በማያልፍበት፣ በክምሮች መካከል ተተከለ። ከብቶቹ ወደዱት።

ከዚያ ከበላይ የመጡ እንግዶች የአስታ ሜዳን እድገት ለመጎብኘት ወጡ። ወሩ ሰኔ ነበር። ካርታውን ዘርግተው ቢያዩ ቤት በቤት ነው፤ ቀና ብለው ቢያዩ ሜዳው ባዶ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሥርጉት አንድ ገበሬ ጠርተው እዚህ የነበሩት ቤቶች የት እንደሄዱ ጠየቁት። ገበሬው ካርታውን አየ፣ ሜዳውን አየ።

«ከብቶቹ በሏቸው» አለ።

ወይዘሮ ሥርጉት የማይጮኹ ሴት ናቸው። በማግስቱ ወደ ክፍሉ መጡና «ቃለ አብ፣ ጭድ ውስጥ ሰው አይኖርም» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። አብዱልሀፊዝ ከዚያን ቀን ጀምሮ «እንዴት አደርክ፣ የክምሩ ባላባት» ይለው ጀመር፤ ስሙ በሳምንቱ ሻይ ቤት ደረሰ።

ያፈረ ሰው ይቸኩላል፤ ቃለ አብም ቸኮለ። ፎቶግራፉን አፍጥጦ ሲያየው መለያ ይሆናል ያለውን ነገር አገኘ። የቤት ክዳን የዓመታት ዝናብና ጭስ ስለሚጠጣ ግራጫ ነው፤ ጭድ ግን የዘንድሮ ስለሆነ ቢጫ ነው። ነገሩ ልክ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን «ቢጫ ክብ ሁሉ ይጥፋ» ብሎ አዘዘው። ኮምፒውተር ደግሞ ሲታዘዝ «ቆይ፣ አንዱ ጋ ሄደን እንይ» አይልም። አስታ ሜዳ ተመልሳ ትንሽ መንደር ሆነች፤ የታረመው ካርታ ጸደቀ፤ ማኅተም ተመታበት፤ በስብሰባም ላይ ስህተትን ፈጥኖ በማረም ምሳሌ ተደርጎ ተጠቀሰ። ያን ቀን ቃለ አብ ምሳውን ደህና አድርጎ በላ።

ብዙም ሳይቆይ የከተማዋን ዳር የሚዞር አዲስ መንገድ በአስታ ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ቤቱ ካርታው ላይ ያለ ሰው የልማት ተነሺ ይባላል፣ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። ካርታው ላይ ቤት የሌለው ምንም የሚፈርስበት ነገር ስለሌለ ምንም አይሰጠውም። ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ የተነሺዎችን ስም ጠራ፤ ሕዝቡም ተበተነ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭቃቸውን ደጃፍ ላይ አራግፈው ገቡ። አስካለማርያም ይባላሉ፤ የአስታ ሜዳ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

«ቤት የለሽም ተባልኩ» አሉ።

«ማነው ያለዎት፣ እማማ?» አለ ቃለ አብ።

«ካርታው።»

ወንበር ሰጣቸውና ካርታውን ከፈተው። በስማቸው የተያዘ ቤት የለም። ከጎረቤቶቻቸው ተነሥቶ፣ ወንዟን ይዞ፣ ትልቁን ጥድ አልፎ ቦታቸውን አገኘው። ባዶ ነው። ፎቶግራፉን ከሥሩ አወጣው፤ እዚያ ላይ አንድ የደመቀ ቢጫ ክብ አለ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የጭድ ክምር ነው።»

«ዛሬ ጠዋት እዚያ ውስጥ ነው የተነሣሁት» አሉ አስካለማርያም። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ታዲያ እንዴት ቢጫ ሆነ?»

«መቼ ነው ያነሡት?» ብለው ጠየቁ። ወሩ ጥር መሆኑን ከነዓመቱ ነገራቸው። ትንሽ አሰቡ። «ያን ጊዜማ ክዳኑን አስለውጠን ነበር። ባለቤቴ ወልደኪዳን የጓሳ ሳር ከመንዝ ድረስ አስመጥቶ፣ ደቦ ጠርቶ። አዲስ ነበር፤ እንደ ወርቅ ነበር የሚያበራው። እሱ በዓመቱ ሞተ።»

ቃለ አብ የሳር ቤት ልጅ ነው፤ አዲስ ክዳን ቢጫ እንደሆነ ከማንም በፊት ማወቅ ነበረበት። አባቱ ክዳን ባስለወጡ ዓመት ቤታቸው ከሩቅ ያበራ እንደነበረ አሁን ትዝ አለው፤ ከሁለት ወር በፊት ግን አልታወሰውም። አፈረ፤ ከበፊቱ ሐፍረት ይልቅ ይሄኛው ከበደው፤ ያኛው ላይ የተጎዳ ሰው አልነበረምና።

«ቆርቆሮ ለምን አላለበሱትም ነበር?» አለ፣ የሚለው ቢያጣ።

«ቆርቆሮ ይበርዳል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰው አያነጋግርም» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «መሬቱን ለልጆቼ አካፍዬ ጨርሻለሁ። የቀረችኝ ጎጆዬ ናት። አንዱ ልጄ ለሚ ከተማ ነው፣ አንዷ ደብረ ሲና ናት፤ ነይ ይሉኛል። ልጅ ቤት እንግዳ ነኝ። የራሴ ደጅ ይሰጠኝ።»

ቃለ አብ እሳቸውን እንደሸኘ ወይዘሮ ሥርጉት ዘንድ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ። ስህተቱ የሱ እንደሆነም አልደበቀም። ይደበቅ ቢባልም የሚደበቅበት አልነበረም።

«ካርታው ታርሟል» አሉ ኃላፊዋ።

«ያረምኩት እኔ ነኝ። እርማቱ ነው የተሳሳተው።»

ወይዘሮ ሥርጉት ብዕራቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የፈሩት ነገር ነበር፤ የፈሩትም ደርሷል። የመንገዱ ወሬ ከተሰማ ወዲህ የአስታ ሜዳ ሰው ከከብቶቹ የተረፈውን ክምር በአዲስ ዓይን ማየት ጀምሮ ነበር። አንዱ ገበሬ የጭድ ክምሩን ቦርቡሮ በር ገጥሞለታል፤ በሩ ከነቁልፉ ነው። የተነሺዎችን አቤቱታ የሚያጣራው ኮሚቴ ሄዶ ሲጠይቅ ጎረቤቶች ተሰልፈው ቤት መሆኑን መስክረዋል፤ አንዱማ እዚያ ውስጥ ክርስትና መብላቱን ጨምሮ ተናግሯል። ስለዚህ አጣሪ ኮሚቴው የሰው ምስክር አልቀበልም፣ ዛሬ ቆሞ የሚታይ ቤትም አልቀበልም፣ በአንድ ሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ሊሆን ይችላል ብሎ ወሰነ። የሚቀበለው አንድ ነገር ነው፤ ፎቶግራፉ በተነሣበት ጥር ቤት እንደነበረ ፎቶግራፉ ራሱ ካሳየ።

«ፎቶግራፉ ደግሞ ክምር ያሳያል» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት። «ሰኞ ኮሚቴው ይዘጋል። ማስረጃ ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ሴትዮዋን ተስፋ አትስጣቸው።»

ቃለ አብና አብዱልሀፊዝ በሞተር ብስክሌት አስታ ሜዳ ወጡ። ጎጆዋን ከሩቅ አዩዋት፤ አሁን እንደ ሰው ቤት ግራጫ ሆናለች። አስካለማርያም አስገብተው ቆሎ አቀረቡላቸው። መሃል ላይ ምሰሶው ቆሟል፤ በምሰሶው ላይ የወልደኪዳን ዱላ እንደተሰቀለ ነው። አብዱልሀፊዝ ቆሎውን እየቆረጠመ ዙሪያውን ቃኘ።

«ወላሂ ቤት ነው» አለ።

«እሱንማ እኔም አያለሁ» አለ ቃለ አብ።

«ኮሚቴው ነው የማያየው።»

ሲመለሱ ብርዱ ፊታቸውን እየገረፈው ቃለ አብ ስለ አውሮፕላኑ ማሰብ ጀመረ። አውሮፕላን ፎቶ ሲያነሣ እንደሚያርስ በሬ ነው፤ ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ አጠገቡን ይይዛል፤ አንዱ ትልም በሌላው ላይ ይደረባል። አንድ ቦታ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ከዚያ ባለሙያ ይቀመጥና ጥርት ያለውን እየመረጠ ይሰፋዋል፤ ካርታ የሚሠራበት ያ የተሰፋው ነው። የተረፈውን ማንም አያየውም። በዚያ ላይ ያን ጥር ጉም እያስቸገረ አውሮፕላኑ የአስታ ሜዳን ወገን አንድ ቀን ጀምሮ አቋርጦ፣ ከቀናት በኋላ መልሶ እንዳነሣው አብዱልሀፊዝ ያውቃል፤ መሬት ላይ ምልክት ሲያኖር የነበረው እሱ ነው።

«የተረፈው የት ነው ያለው?» አለ ቃለ አብ ሞተሩ ላይ እንዳለ።

«እኔ መሳቢያ ውስጥ። ከብርድ ልብሱ ሥር።»

ቢሮ ገብተው ዲስኩን ሰኩት። የመጀመሪያው ቀን ፎቶዎች አብዛኞቹ ጉም ናቸው፤ ጉም፣ የጥድ ጫፍ፣ እንደገና ጉም። ከዚያ ጉሙ የተቀደደበት አንድ ፎቶ መጣ፤ ወንዟ፣ ትልቁ ጥድ። ቢጫው ክብ ግን የለም።

ቃለ አብ መጀመሪያ ደነገጠ። ቤቱ ጭራሽ ያልነበረ መሰለው። አጉልቶ ሲያየው ባዶ እንዳልሆነ ገባው። ክብ ግድግዳ አለ፤ ክዳን የለውም። ከመሃል ምሰሶው ወደ ዳር ወራጆች ተዘርግተዋል። ከጎን የጓሳ ሳር ተቆልሏል። በዙሪያው ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ረጅም የጠዋት ጥላ ወጥቷል። ሰዎች ናቸው። አውሮፕላኑ ያለፈው አሮጌው ክዳን ወርዶ አዲሱ ሳይወጣ፣ በደቦው ቀን ነበር። ክምር ደግሞ ግድግዳ የለውም፤ ውስጥም የለውም።

ቃለ አብ ደስ አለው፤ ደስታው ለራሱም አስገረመው። አብዱልሀፊዝ አንዱን ብርድ ልብስ አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለለት።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ሠረቀብርሃን ነገር ሳይጣራ የማያልፉ ሰው ናቸው። የአስታ ሜዳ ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አስካለማርያም በር አጠገብ። ቃለ አብ ቆመና ሁለት ጊዜ እንደተሳሳተ፣ መጀመሪያ ክምሩን ቤት፣ ቀጥሎ ቤቱን ክምር እንዳደረገ ተናገረ፤ ከዚያ ፎቶውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ዘረጋው። ወይዘሮ ሥርጉት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ፎቶው ሲወጣ አወረዱት።

አቶ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቤት መሆኑ ታይቷል። የሳቸው ቤት መሆኑን ግን በምን እናውቃለን? ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይኖርበት እንደሆነስ?»

ቃለ አብ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር።

አስካለማርያም ተነሡ። ማንም ሳይጠራቸው ወደ ግድግዳው ሄዱና ፎቶው ፊታቸው ላይ እስኪያርፍ ቀረቡ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ነጥብ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ወልደኪዳን ነው» አሉ።

«ፊት አይታይም እኮ» አሉ ሰብሳቢው። «ነጥብ ነው።»

«ሁሉም ይሠራል። እሱ ቆሟል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሌላው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «እውነቷን ነው» አሉ የመጀመሪያው፣ ራሳቸውን እያረጋጉ። «ደቦ ጠርቶ አንድ ቀን ሳር አንሥቶ አያውቅም። ቆሞ ማዘዝ ነበር።»

«እጁን እዩት» አሉ አስካለማርያም። ቃለ አብ አጎላው። ከነጥቧ የወጣው ጥላ አንድ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቷል። «‹ወደ ግራ› እያለ ነው። ክዳኑ ወደ ግራ ነበር ያጋደለው። ኋላም አፈሰሰ።»

ከግድግዳው ዘወር አላሉም። ሰው ሁሉ ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ፤ ቆሙ። «ፎቶ አልነበረውም» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። «ለመታወቂያ የተነሣት አንዲት ነበረች፤ እሷንም ጎርፍ ወሰዳት። መልኩ እየጠፋብኝ ነበር።»

አቶ ሠረቀብርሃን ቤቱ ወደ ካርታው እንዲመለስ አስጻፉ። ከዚያም ደንቡን ማስረዳት ስላለባቸው አስረዱ፤ ቤቱ ቤት መሆኑ ስለተረጋገጠ ይፈርሳል፣ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል።

«ቤት ባይሆንስ ኖሮ?» አሉ አስካለማርያም።

«ያኔም ይፈርስ ነበር።»

አሰቡበት። «እንግዲያው ቤት ሆኖ ይፍረስ» አሉ።

ቃለ አብ ፎቶውን በትልቁ አትሞ አስታ ሜዳ ድረስ ወሰደላቸው። የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋቸው ነጥቧን በቀይ ላክብባት ብሎ ብዕር አወጣ። እጁን ያዙት። «ተው። አውቀዋለሁ» አሉ። ጎጆዋ የፈረሰች ቀን ፎቶው ተጠቅልሎ ከዱላው ጋር ታስሮ ወጣ።

ምትክ ቦታው ከአዲሱ መንገድ ወዲህ፣ ሣር የለበሰ ተዳፋት ላይ ነው። ከተማ ክልል ስለሆነ ሳር ክዳን አይፈቀድም፤ ቆርቆሮ ነው የሚለብሰው፤ አስካለማርያም ይህን ሰምተው ለክረምቱ ከወዲሁ ማንንም እንደማያነጋግሩ ተናግረዋል። ቅዳሜ ደቦ ጠሩ። የአስታ ሜዳ ሰው ወጣ፤ በክምሩ ላይ በር የገጠመውም ሳይቀር መጣ፤ በሩን ነቅሎ ይዞላቸው ነበር። አብዱልሀፊዝ አካፋ ያዘ። ቃለ አብ ጂፒኤሱን ይዞ የቦታውን ማዕዘን ሊያሳይ መጣ።

ማዕዘኑን አሳየ። ከዚያም መሠረቱ ትንሽ ወደ ግራ እንዲወጣ ነገራቸው። ከዚያ ድንጋዩ የት እንደሚራገፍ፣ ጭቃው የት እንደሚቦካ አሳየ። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ እሱ ብቻ ዳር ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ጥላው ተዳፋቱን ይዞ ረዝሟል።

አስካለማርያም የጠላ እንስራ ይዘው ሲመጡ አዩት። እንስራውን አወረዱ። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እንኳን ሌላ ሰው እሱም እስኪያስተውል።

«ምነው እማማ?» አለ።

«ምንም» አሉ። ጠላውን መቅዳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ የቀዱትን ለሱ ሰጡት። ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቁና ዋንጫውን ከእጁ ተቀበሉ። «በል አሁን ያን ነገር አስቀምጥና ድንጋይ አንሣ። ቆሞ የሚያዝ ሰው ነበረኝ።»

ቃለ አብ ጂፒኤሱን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ድንጋይ አነሣ።